ጭቃ ያልነካው ክንፍ

ኢንስፔክተር መይሙና ሪፖርቱን ሦስት ጊዜ አነበበችው። በሦስተኛው ጠረጴዛውን በመዳፏ ስትመታው ከጎኗ የተቀመጠው የዋና ሳጅን ቱሉ ሻይ ሱሪው ላይ ፈሰሰ።

«ሟች የጎማ ሽፋኖቹን አውልቀው በመብረራቸው ለደረሰው አደጋ ራሳቸው ተጠያቂ ናቸው» ይላል። እንዲህ ነው እንግዲህ። አርባ ዓመት አውሮፕላን ሲጠግኑ የኖሩ፣ ከዚያም ጌጃ ሰፈር ግቢያቸው ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ባለሁለት መቀመጫ አውሮፕላን በገዛ እጃቸው የሠሩ ሰው በአንድ መስመር ጥፋተኛ ሆነው ተዘጉ። ተነሥተው አይከራከሩ! ከሥሩ ደግሞ ሁለተኛ ጥፋተኛ ተጽፏል፤ «ሽፋኖቹን ሳይገጥም አውሮፕላኑን ያስረከበው መካኒክ ሰላሃዲን»። ሰላሃዲን ከእሑድ ማታ ጀምሮ ልደታ ጣቢያው ውስጥ ታስሯል።

ነገሩ የሆነው በነሐሴ መጨረሻ፣ እሑድ ጠዋት ነው። አቶ ወልደ ሚካኤል ከከተማ ውጭ ካለ አንድ የአስፋልት ማኮብኮቢያ ብቻቸውን ተነሡ። ሃያ ደቂቃ በርረው አንድ የሣር ሜዳ ላይ ለማረፍ ወረዱ። አንድ የቀለም ፋብሪካ ለአዲስ ዓመት ማስታወቂያው እዚያ ሊቀርጻቸው ቀጠሮ ይዞ ነበር። አውሮፕላኑ መሬት ነክቶ ጥቂት እንደሮጠ በአፍንጫው ተተከለና ተገለበጠ። እሳቸውም በመቀመጫው ቀበቶ ቁልቁል እንደተንጠለጠሉ ሞተው ተገኙ።

«ማን ነው ይሄን የጻፈው?» አለች መይሙና።

«የበረራ ክበቡ ነው። የክበቡ ሊቀ መንበር ማኑ ፈርሞበታል፤ የሟች ተማሪ የነበረ ነው። የማስታወቂያው ሰው አሌክስም በምስክርነት ፈርሟል» አለ ቱሉ ሱሪውን እየጠረገ። «ኮማንደሩ መዝገቡ ያለቀ ነው ብለዋል። ሰላሃዲን ነገ በሦስት ሰዓት ፍርድ ቤት ይቀርባል።»

«መዝገቡ አላለቀም። ያለቀው የእናንተ ትዕግሥት ነው» አለችና ተነሣች።

በሩ ላይ አንዲት ሴት ምሳ ዕቃ ታቅፋ ቆማለች። የሰላሃዲን ሚስት ኢክላስ ነች።

«እትዬ፣ ባሌ ገጥሜዋለሁ ብሏል» አለች፣ ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም። «ሰላሃዲን ይቆጣል፣ ይነጫነጫል፣ መዋሸት ግን አይችልበትም። ሞክሮ ስንቴ እንደያዝኩት ቢያውቁ! ነገ ወህኒ ቢያወርዱት ልጆቼን ምን እላቸዋለሁ? አባታችሁ ሰው ገደለ ልበላቸው?»

መይሙና ቃል መግባት አትወድም። «ምሳውን ስጪኝ፤ እኔ አደርስለታለሁ» ብላ ተቀበለቻት።

ሰላሃዲን ምሳውን አልነካውም። ዓይኑ ደፍርሷል፤ ያዘነ ይሁን የተናደደ አይለይም። ምናልባት ሁለቱንም ነበር።

«ቅዳሜ ጠዋት ጋሽዬ ደወሉልኝ» አለ። «'ሜዳው ደርቋል፣ ጠጠርም ተደፍቶበታል ብለውኛል። ጫማውን አልብሰው' አሉኝ።»

«ጫማ?»

«የጎማውን ሽፋን ጫማ ነው የምንለው። ንፋሱን ይቀንስና ትንሽ ፍጥነት ይጨምራል፣ በቃ። ክረምት ከገባ አውልቀን ነው የምንበረው። ጋሽዬ ስድስት ክረምት ያለ ጫማ በርረዋል፤ ትንሽ ይዘገያል እንጂ ምንም አይሆንም። ጭቃ ላይ ጫማ ካለ ነው ጉዱ። ጭቃው ጎማውና ጫማው መሃል ይጠቀጠቃል፣ ጎማው መዞር ያቆማል፣ አውሮፕላኑ ይደፋል። ይሄን የማያውቅ ክበብ ነው እንግዲህ እኔን ያሳሰረኝ!»

«ሜዳው ደርቋል ያላቸው ማን ነው?»

«ስም አልጠሩም። በዚያ ጠዋት ማኑም አሌክስም ደውለውላቸዋል።»

«ሽፋኑን የት ገጠምከው?»

«አስፋልቱ ላይ፣ ቅዳሜ ከሰዓት። እዚያ ከአንድ ዘበኛ በቀር ሰው የለም። የብሎኖቹ ራስ ኮከብ ቅርጽ ነው፤ ሌላ ካቻቢቴ አይፈታቸውም። የኮከብ ካቻቢቴ ደግሞ ያለን ሁለት ነው። አንዱ የኔ ነው፣ ሥራ ከሌለ ጋራዡ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ሌላው ጋሽዬ ወገብ ላይ በምትታሰር ከረጢት ውስጥ ነው። የኔን ስታስሩኝ ከኪሴ ወሰዳችሁት።»

ቱሉ ራሱን ነቀነቀ። ካቻቢቴው በኤግዚቢት ፖስታ ታሽጎ ኤግዚቢት ክፍል ተቀምጧል።

«ስትገጥመው ሌላ የምታስታውሰው ነገር አለ?»

ሰላሃዲን ምሳ ዕቃውን ገፋ አደረገው። «የቀኙ ጫማ አንድ ብሎን ጠፍቶበት ነበር። መርካቶ ስፈልግ አረፈድኩና ያገኘሁት ቢጫ ሆነ። ገጠምኩት። ጋሽዬ አይተው 'ወርቅ ጥርስ አስገባህለት' ብለው ሳቁብኝ። ለመጨረሻ ጊዜ ሲስቁ ያየኋቸው ያን ቀን ነው።»

ቱሉ ወደ አስፋልቱ ዘበኛ ደወለ። ዘበኛው ሰላሃዲን እሑድ ጠዋት ሙሉ እዚያው አብሮት እንደነበረ አረጋገጠ፤ ሽፋን አይቶ እንደሆነ ሲጠየቅ ግን ተቆጣ። «አውሮፕላን ሲነሣ ሰው ሰማይ ሰማይ ያያል እንጂ ጎማ ያያል እንዴ?» ብሎ ስልኩን ዘጋው።

ጌጃ ሰፈር የአቶ ወልደ ሚካኤል ግቢ ውስጥ የለቅሶ ድንኳን ተተክሏል። ከድንኳኑ ጀርባ የቆርቆሮ ጋራዡ አለ፤ አፍንጫው የተሰበረው አውሮፕላን እሑድ ከሰዓት በጭነት መኪና መጥቶ እዚያ ቆሟል። መይሙናን ያስገባቻት የሟች ልጅ ሰብለወንጌል ነች። ጥቁር ለብሳለች፤ ዓይኗ ደርቋል።

«ያውና» አለች ግድግዳውን እየጠቆመች። ሁለት ትልልቅ ምስማሮች አሉ፤ በአባቷ የእጅ ጽሕፈት በአንዱ ላይ «ግራ»፣ በሌላው ላይ «ቀኝ» ተጽፏል። በየምስማሩ አንዳንድ ነጭ የጎማ ሽፋን ተሰቅሏል፤ ሽፋኖቹ ላይ የቀለም ፋብሪካው ስም በቀይ ያበራል። «እሑድ አስከሬኑን ተቀብዬ ስመለስ እንዲሁ ተሰቅለው አገኘኋቸው። ዓርብ ከዚህ ከወጣሁ ወዲህ አልገባሁም ነበር። የዚያን ገጥሜያለሁ የሚል ውሸታም ስም አይጥሩብኝ! አባቴ እንደ ልጁ ነው ያሳደገው።»

መይሙና ወደ ግድግዳው ተጠጋች። በየሽፋኑ ሥር አንዳንድ የወተት ዱቄት ጣሳ ተቀምጧል። አቶ ወልደ ሚካኤል የአንዱ ጎማ ብሎን ከሌላው ጎማ ብሎን እንዲቀላቀል አይፈቅዱም ነበርና ጣሳዎቹም «ግራ» እና «ቀኝ» የሚል ተጽፎባቸዋል። የግራውን ጣሳ ዘንበል አድርጋ መዳፏ ላይ ገለበጠችው። ስምንት ብሎን ነው፤ ሰባቱ ነጭ፣ አንዱ ቢጫ። ጥርሳቸው መሃል ጥቁር ጭቃ ደርቆባቸዋል። ሽፋኖቹን በጣቷ ዳሰሰች፤ ታጥበው እንደ ሸክላ ሳህን ያንጸባርቃሉ።

«ይሄስ ካቻቢቴ?» አለች። ከምስማሮቹ አጠገብ አንድ ካቻቢቴ ተሰቅሏል፤ እጀታው ላይ ቀይ ፕላስተር ተጠምጥሞበታል።

«የዚያ ሰውዬ ይሆናል፤ እዚያ ነው የሚሰቅለው። አባቴ ደግሞ የራሱን ዕቃ ሁሉ ቀይ ፕላስተር...» አለችና ሰብለወንጌል ካቻቢቴውን ትኩር ብላ አየችው። ግንባሯ ተቋጠረ።

መይሙና ጎንበስ ብላ ከክንፉ ሥር ገባች። የክንፉ ሆድ ሰማያዊ ነው፤ አንድም የጭቃ ነጥብ የለበትም።

«ይሄን ማን አጠበው?»

«ማንም። ማን ይጠብልኝ? ሲያጥብ የነበረው ራሱ ነው።» ሰብለወንጌል ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ለማለት ሞከረች። «ክረምት ያለ ጫማ በበረረ ቁጥር ጎማው የሜዳውን ጭቃ ሁሉ እየረጨ ክንፉ ሆድ ላይ ይለጥፈዋል። ግማሽ ቀን ክንፉ ሥር በጀርባው ተኝቶ እየጠረገ ይሳደባል፤ ጭቃውን፣ ዝናቡን፣ መንግሥተ ሰማያትን ሳይቀር። ውሃ የማቀብለው እኔ ነኝ።»

መይሙና ከመዝገቡ ውስጥ አንድ ፎቶ አወጣች። የአካባቢው ፖሊስ እሑድ ረፋዱ ላይ፣ ዝናብ ሳይመጣ ሜዳው ላይ ያነሣው ነው። አውሮፕላኑ ተገልብጧል፤ ሽፋን የሌላቸው ጎማዎች ወደ ላይ ቆመዋል፤ የክንፉ ሆድ ወደ ሰማይ ዞሮ ጥርት ብሎ ይታያል። ፎቶውን ወደ ኪሷ መለሰችው።

«የጋራዡ ቁልፍ ማን ማን ጋ አለ?»

«እኔ ጋ፣ ሰላሃዲን ጋ፣ ማኑ ጋ። አሌክስም ጫማዎቹ ላይ ስም ላስቀባ ብሎ አንድ ወስዶ አልመለሰም።»

አሌክስን ሜክሲኮ አንድ ካፌ ውስጥ አገኘችው። ማኪያቶ አዝዞ ስልኩን ይነካካል፤ የሞተው ሰው ሳይሆን የቀረው ቀረጻ የከነከነው ይመስላል።

«ስሙ የተጻፈው የት ነው? ጫማው ላይ!» አለ። «ያለ ጫማ ከሆነ ቀረጻ የለም ብያቸዋለሁ፣ ለማኑም ለአቶ ወልደ ሚካኤልም። ሥራ ነው፤ ምን አጠፋሁ?»

«ሜዳው ደርቋል ያልካቸው አንተ ነህ?»

«እኔ ሜዳውን መቼ አየሁትና! ሜዳውን የሚጠብቀው ገዳ የሚባል ገበሬ ነው፤ እሱን ይጠይቁ። እሑድም እንኳ አልደረስንም። መኪናችን ከዋናው መንገድ ገባ እንዳለ ጭቃ ያዘውና ሁለት ኪሎ ሜትር ርቀን ቀረን።»

«ካልደረስክ ታዲያ ጫማ እንዳልነበረው በምን አውቀህ ፈረምክ?»

አሌክስ ማኪያቶውን አማሰለ። «መጨረሻ ላይ ስደርስ አልነበረማ። ፎርማሊቲ ነው ብለውኝ ፈረምኩ።»

«በዚያ ፎርማሊቲህ አንድ የልጆች አባት ታስሯል!» ብላ ስትጮህ አስተናጋጆቹ ዞር አሉ። አሌክስ ስልኩን ወደ ኪሱ የከተተው ያኔ ነው።

ገዳን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አላስፈለጋትም። ለቅሶ ሊደርስ ከገጠር መጥቶ ድንኳኑ ውስጥ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል።

«ስለ ሜዳው ማን ጠየቀኝ?» አለ በቁጣ። «ሳምንቱን ሙሉ ዝናብ ወርዶበታል። ጠጠር ብሎ ነገር የለም፤ በሬ እንኳ ይሰምጣል። ቢደውሉልኝ እነግራቸው ነበር። አንድም ሰው አልደወለም።»

«እሑድ ምን አየህ?»

«ወረደ፣ ትንሽ ሄደ፣ ድንገት የያዙት ያህል ቆመና ተገለበጠ። እኔ ወዲያ ማዶ ነበርኩ፤ የሁለት ሰዓቱ ዜና በሬዲዮ እያለቀ ነበር። ስሮጥ ማኑ በሞተር ሳይክሉ ቀድሞ ደርሷል። ከሩቅ 'አትምጣ! ሂድ፣ አውሮፕላኑን የሚያነሣ ሰው ሰብስብ!' ብሎ ጮኸብኝ። መንደሩ ከወንዙ ማዶ ነው። ሰው ይዤ ስመለስ መንገድ ላይ እነ አሌክስን መኪናቸው ተቀርቅሮ አገኘን፤ አብረን መጣን። ወደ ሦስት ሰዓት ሆኗል። ጋሼ ሞተዋል።»

«ስትደርሱ ማኑ ምን ያደርግ ነበር?»

«ሞተር ሳይክሉ ላይ ማዳበሪያ ያስር ነበር፤ ሁለት ማዳበሪያ ሙሉ። የጋሼ ዕቃ ነው አለ።» ገዳ ባርኔጣውን አዞረ። «እኔ ምን አውቄ!»

ማኑ ድንኳኑ በር ላይ ቆሞ ለቅሶ ደራሾችን ያስታጥባል። ዓይኑ ቀልቷል፤ ሦስት ቀን ሙሉ ከዚህ ቤት አልተለየም። ሰፈሩ ሁሉ «ከሥጋ ልጅ ይበልጣል» ይለዋል።

«አቶ ማኑ፣ ሲደርሱ በሕይወት ነበሩ?» አለችው መይሙና።

«አልነበሩም። ሞተው ነው የደረስኩት» አለ ማስታጠቢያውን አስቀምጦ። «አጠገባቸው ተቀምጬ ከማልቀስ በቀር ምን አደርጋለሁ?»

«ማዳበሪያዎቹስ?»

«የነፍስ ኄር ጃኬትና ዕቃ ነው። ለሰብለ ሰጥቻታለሁ።»

«ሽፋኖቹ አልነበሩም?»

«አልነበሩም። አውልቀው ነው የመጡት። አይሆንም እያልኩ ስንት ጊዜ ለመንኳቸው! ግትር ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማር።»

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የሐኪሙ ወረቀት ጣቢያው ደረሰ። የሟች ግራ ክንድ ተሰብሯል። ለሞት የሚያደርስ ቁስል የላቸውም፤ የሞቱት ቁልቁል ተንጠልጥለው ደረታቸው በቀበቶው ታፍኖ፣ ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ታግለው ነው። ከወረቀቱ ጋር ሜዳው ላይ የተመዘገበ የዕቃ ዝርዝር ተያይዟል። «በቀኝ እጅ የተያዘ የወገብ ከረጢት አንድ፣ አፉ የተከፈተ። በውስጡ የቀበቶ መቁረጫ ቢላ አንድ።» ሌላ ዕቃ የለም።

መይሙና ወረቀቱን አጥፋ ወጣች። ጣቢያው ግቢ ውስጥ ሁለት ጊዜ ዞረች። ቱሉ አብሯት ሃያ ዓመት ሠርቷል፤ እንዲህ ስትሆን ማናገር እንደማይገባ ያውቃል።

በማግስቱ ረቡዕ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም ጋራዡ ውስጥ ተሰበሰቡ። ሰብለወንጌል አውሮፕላኑን ተደግፋ ቆማለች። አሌክስ ሰዓቱን ያያል። ገዳ በሩ አጠገብ ነው። ማኑ ለቅሶ ቤቱን ትቶ መምጣቱ ቅር ብሎታል። ሰላሃዲን እጁ በካቴና ታስሮ በቱሉ ታጅቦ ገባ፤ ሰብለወንጌል ፊቷን አዞረችበት። ኢክላስ ማንም ሳይጠራት ተከትላው መጥታለች፤ ማንም አላስወጣትም።

«ሦስት ሰዓት ላይ ፍርድ ቤት እገባለሁ» አለች መይሙና። «የምናገረው አጭር ነው። ሪፖርቱ አቶ ወልደ ሚካኤል ሽፋኑን አውልቀው በረሩ ይላል። ሰብለ፣ አባትሽ ያለ ሽፋን ጭቃ ላይ ሲያርፉ ክንፉ ሆድ ምን ይሆናል?»

«ጭቃ በጭቃ።»

«ይሄ አውሮፕላን ጭቃ ላይ አርፎ ሮጧል። ገዳ አይቷል። ሆዱን እዩት።» ፎቶውን አውጥታ ለሰብለወንጌል ሰጠቻት። «ይሄ ደግሞ ሳይታጠብ፣ ሳይዘንብበት፣ እዚያው ሜዳ ላይ የተነሣ ነው።»

ሰብለወንጌል ፎቶውን አየች፤ ጎንበስ ብላ ክንፉን አየች። ስትነሣ ፊቷ ተለውጧል። «ጫማ ነበረው» አለች።

«ነበረው። ሰላሃዲን ገጥሞታል። ጭቃው ሽፋኑ ውስጥ ተጠቅጥቆ ጎማውን ያዘው፤ አባትሽን የገለበጣቸው እሱ ነው። ፖሊስ ከመድረሱ በፊት ግን አንድ ሰው ሽፋኑን ፈታው፣ እዚህ አመጣው፣ አጠበና ሰቀለው።»

«ይሄማ ግምት ነው» አለ ማኑ። «ከጥንትም እዚሁ ቢሆንስ?»

መይሙና የግራውን ጣሳ አንሥታ ብሎኖቹን ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈቻቸው። «ሰላሃዲን፣ ይሄ ቢጫ ምንድን ነው?»

«ወርቅ ጥርሱ» አለ ሰላሃዲን በደከመ ድምፅ። «ቅዳሜ ነው የገዛሁት። አስፋልቱ ላይ ነው የገጠምኩት።»

«ቅዳሜ አስፋልቱ ላይ የተገጠመ ብሎን ጥርሱ ውስጥ የሜዳ ጭቃ ይዞ እዚህ ጋራዥ ውስጥ ምን ያደርጋል? ሰውየው ሽፋኑን አጠበ፣ ብሎኑን ረሳ። የገጠምከው በየትኛው ነው?»

«በቀኙ።»

«የተገኘው በግራው ጣሳ ነው። ሽፋኖቹም ተለዋውጠው ነው የተሰቀሉት።» ጥግ ላይ የነበረውን አግዳሚ ወንበር ስባ በግራ እግሩ ላይ ጨርቅ አሰረች። «ይሄ የግራው ጎማ ነው እንበል።» ወንበሩን በጀርባው ገለበጠችው። ጨርቁ የታሰረበት እግር ወደ ቀኝ እጇ ዞረ። «የተገለበጠ አውሮፕላን ከኋላው ቆሞ የሚፈታ ሰው ግራውን ቀኝ ይለዋል። ነገሩን የማያውቅ ሰው ቢሆን ብሎኑን ሁሉ አንድ ላይ ዘርግፎት ነበር። ይሄኛው ግን የአቶ ወልደ ሚካኤልን ሥርዓት ተምሯል። የግራውን በአንድ ማዳበሪያ፣ የቀኙን በሌላ ማዳበሪያ አድርጎ በየጣሳው መለሰ። ጥንቃቄው ነው ያጋለጠው።»

አሌክስ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። «እኔ አይደለሁም! ሲጀመር...»

«አንተ አይደለህም። መኪናህ ተቀርቅሮ ገዳ አይቶሃል። ገዳ የዚህ ቤት ቁልፍ የለውም። ሰብለ ሜዳው ላይ አልነበረችም። ሰላሃዲን አስፋልቱ ላይ ነበር። እዚያም እዚህም የነበረ አንድ ሰው ነው፤ ሁለት ማዳበሪያ ጭኖ።» ወደ ማኑ ዞረች። «ሜዳው ደርቋል ብለው የደወሉላቸው እርስዎ ነዎት። አይተው አይደለም። ማንንም ጠይቀው አይደለም።»

ማኑ መቀመጫ ፈለገ፤ ያለው አንድ ወንበር ተገልብጧል። ዙሪያውን አየ። «ፋብሪካው ማሠልጠኛ ሊከፍትልን ነበር» አለ በመጨረሻ። «ያለ ጫማ ከመጡ ሁሉ ነገር ይቀራል። ይደርቃል ብዬ ገመትኩ። እዚህ ከተማው ውስጥ ሁለት ቀን ፀሐይ ወጥቶ ነበር እኮ... ከዚያ ያ ሲሆን ፈቃዴ ይነጠቃል፣ ክበቡም ይዘጋል ብዬ... ሞተው ነበር! በማርያም፣ ሞተው መስሎኝ ነው! ለሞተ ሰው ምን ይጎዳል ብዬ ነው!»

«ሰላሃዲንስ? እሱም ሞቷል?» ብላ ጮኸች ኢክላስ።

መይሙና ወደ ግድግዳው ሄዳ ቀይ ፕላስተር ያለበትን ካቻቢቴ አወረደች።

«የሰላሃዲን ካቻቢቴ ኤግዚቢት ክፍል ነው ያለው። ይሄ የአቶ ወልደ ሚካኤል ነው፤ ከወገባቸው ከረጢት የወጣ። ከረጢቱ ሲገኝ ግን ወገባቸው ላይ አልነበረም። በቀኝ እጃቸው ይዘውት ነበር።» ድምጿ ዝቅ ማለት ጀመረ፤ ቱሉ ይህን ሲሰማ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። «ግራ ክንዳቸው ተሰብሯል፤ ሐኪሙ እንዳለው ግን ከተገለበጡ በኋላ ከግማሽ ሰዓት በላይ በሕይወት ነበሩ። በአንድ እጅ ከወገባቸው ፈቱት፤ ይዘው መክፈት ግን አልቻሉም። ስለዚህ ሰው ሲመጣ ዘረጉለት። ከረጢቱ ውስጥ ሁለት ነገር ነበር። አንደኛው ቀበቶ መቁረጫ ቢላ ነው። አንድ ጊዜ ሳብ ቢደረግ መሬት ላይ ነበሩ። ሌላው ይሄ ነው።»

ካቻቢቴውን ማኑ ፊት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«አንተ ከፈትከው» አለች መይሙና። 'እርስዎ' ቀርቷል። «ከእጃቸው ላይ ከፈትከው። ቢላውን አየኸው። ትተኸው ካቻቢቴውን ወሰድክ። አሥራ ስድስት ብሎን ነው ማኑ! እሳቸው እያዩህ፣ እየተነፈሱ፣ ከራሳቸው በላይ አሥራ ስድስት ብሎን አንድ በአንድ ፈታህ። አስተማሪህን!»

«አላወሩም... እያዩኝ አንድም ቃል አላወጡም...» አለ ማኑ። የተናገረውን የሰማው ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው። ሁለት እጁን አፉ ላይ ጫነ።

ሰብለወንጌል ጣሳውን አንሥታ ወረወረችው። ግንባሩን መታውና ተንከባለለ። ሌላውን ልታነሣ ስትል ሰላሃዲን በታሰሩ እጆቹ ክንዷን ያዛት።

«ተይው ሰብሊ» አለ። «በጋሽዬ ዕቃ አትምቺው። አይገባውም።»

ፊቷን ወደ እሱ መለሰች። ሦስት ቀን የጠላችው ሰው ነው። ትከሻው ላይ ተደፍታ ድንኳኑ ውስጥ ያላለቀሰችውን ለቅሶ አለቀሰች። ቱሉ ካቴናውን ከሰላሃዲን እጅ ፈትቶ ማኑ ላይ አጠለቀው። ኢክላስ ምሳ ዕቃዋን አስቀምጣ እልል ልትል አፏን ከፈተች፣ ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ አላትና ተወችው።

ሦስት ሰዓት ላይ መይሙና ልደታ ፍርድ ቤት ኮሪደር ውስጥ ቆማ ሪፖርቱን ዘረጋች። የመጀመሪያውን መስመር በእስክሪብቶ ሰረዘችውና ከላዩ ጻፈችበት፤ «ሟች የጎማ ሽፋኖቹን አውልቀው አልበረሩም። ሜዳው ደርቋል የሚል ውሸት ተነግሯቸው ገጥመው በረሩ።» ለሰብለወንጌል አሳየቻት።

ሰብለወንጌል አነበበችው፤ ደግማ አነበበችው። እጇ ውስጥ ቢጫዋን ብሎን ይዛለች።

«አውልቆ በርሮ ቢሆን ኖሮ» አለች፣ «ይሄኔ ክንፉ ሥር ተኝቶ ጭቃ እየጠረገ ሲሳደብ እኔ ውሃ እያቀበልኩት ነበር።»